አረንጓዴዋ አረቄና የቀበና መለኪያ

፩

ከአራት ኪሎ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ምሥራቅ የወረደ ሰው ግንፍሌን ተሻግሮ ቀበና ይደርሳል። ወንዙ ከእንጦጦ ተራራ ይነሳና በከተማው መሀል ገደል እየበሳ ይወርዳል። «ቀበና» በኦሮምኛ ቅዝቃዜ ማለት ነው፤ በነሐሴ ማታ ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣ ሳይነግሩት ይገባዋል። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የፈረንጅ ለጋሲዮኖች በየጫካቸው ሰፍረዋል፤ እንግሊዝ፣ ሩሲያ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ በስሟ ያስጠራችው ፈረንሳይ። በለጋሲዮን አጥርና በወንዝ ገደል መካከል በተረፈችው መሬት ላይ ሕዝቡ ይኖራል። እዚያ መሀል አንዲት አረቄ ቤት አለች።

ስሟን አልጽፍም፤ ነገሩ ስምም የላትም። ደጃፉ ላይ በእንጨት ከተደፋችው ጣሳ በቀር ምልክት የለውም። እኛ ተማሪዎች «እማማ ቤት» እንላለን። እማማ ለሁሉም ይቀዳሉ፤ ለዘበኛው፣ ለግንበኛው፣ ጡረታ ለወጣው ጸሐፊ። ለተማሪ ግን ሕግ አላቸው፤ ከሁለት መለኪያ በላይ አይቀዱም። ብር ብታሳይ፣ ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ ሦስተኛዋ አትመጣም። «ሂድ ጥናህን አጥና» ይሉሃል። ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ ከፈረንጅ አገር ሲመለስ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ፈሳሹ አረንጓዴ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ውኃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ የሚሰጠውን ቀለም ይመስላል። ወረቀቱ ላይ «አብሲንት» ይላል። ባለቅኔዎች ያበዱበት፣ መንግሥታት በአዋጅ የከለከሉት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲረገም የኖረ መጠጥ ነው አለን። እንግዲህ የት ይቀመስ? በአንድ ድምፅ እማማ ቤት አልን።

፪

ከመቅመሳችን በፊት ስሙን እንፍታ። «አብሲንት» የሚለው ቃል ከግሪክ «አፕሲንቶስ» የመጣ ነው፤ አንድ መራራ ተክል ማለት ነው። ቃሉ ለእኛ ሩቅ መስሎን ነበር፤ አይደለም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 8 ከሰማይ ወድቆ ውኃውን የሚያመርረው ኮከብ በግሪኩ መጽሐፍ ስሙ ይኸው አፕሲንቶስ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እሬቶ» ብሎ ተርጉሞታል። አገሩ ውስጥ መራራነቱ የታወቀውን ስም መርጦ መሆኑ ነው። «አቢሲኒያ»ና «አብሲንት» በድምፅ ቢቀራረቡም ዘመዳሞች አይደሉም፤ ይህን ቀልድ አንዱ ጓደኛችን ያን ማታ አሥር ጊዜ ስለደጋገመው ለታሪክ ያህል ብቻ መዘገብኩት።

ተክሉ በሳይንስ ስሙ አርቴሚሲያ አብሲንቲየም ይባላል። አርቴሚሲያ ሰፊ ዘር ነው፤ በእኛም አገር በቅሏል። አሪቲ ከዚሁ ወገን ነው። ጭቁኝም ከዚሁ ወገን ነው። አሪቲን የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም፤ ያ ቅጠሉ አመድማ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ፣ በየጓሮው ከጤና አዳም ጎን የሚተከል፣ በበዓል ዋዜማ ከቄጤማውና ከጠጅ ሣሩ ጋር ገበያ የሚወጣ። ሆድ ሲቆርጥ እናቶቻችን አሽተው ያጠጡናል። ፊታችንን አጨማደን የዋጥነው ያ ምሬት፣ የፓሪስ ሠዓሊዎች በብር ገዝተው የጠጡት ምሬት የሥጋ ዘመድ ነው።

አብሲንት የሚወጣው ከሦስት ዋና ቅመሞች ነው፤ ከመራራው አርቴሚሲያ፣ ከአኒስ ፍሬና ከእንስላል። ቅመሞቹ ብርቱ አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያ አንድ ላይ እሳት ላይ ይጣዱና እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ የሚወርደው ነጭ ነው። አረንጓዴው ቀለም በኋላ ሌሎች ቅጠሎች ተነክረውበት የሚመጣ ነው። የአልኮሉ መጠን ከመቶ 45 ይጀምርና እስከ 74 ይደርሳል። የእኛ ዳግም አረቄ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የወጣችው፣ ከመቶ 45 ገደማ ናት። ስለዚህ የፈረንጁ ደካማ የእኛን ብርቱ ያክላል ማለት ነው።

፫

አሁን ወደ እማማ ቤት። ጓደኛዬ ሥርዓቱን ሊያሳየን ፈለገ። ፈረንጆቹ ብርጭቆው ላይ የተበሳሳ ማንኪያ አጋድመው፣ በላዩ ድንጋይ ስኳር አስቀምጠው፣ በረዶ የመሰለ ውኃ ጠብታ በጠብታ ያፈሱበታል። ለአንድ እጅ አብሲንት ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውኃ ነው። እኛ የተበሳሳ ማንኪያ የለንም፤ ሹካ አጋደምን። ድንጋይ ስኳር የለንም፤ ተራውን ስኳር በማንኪያ አደረግን። ውኃው ከጀሪካን ነው፤ የቀበና ማታ አቀዝቅዞታል።

ውኃው ጠብ ሲል አረንጓዴው ታመመ። መጀመሪያ ከሥሩ እንደ ጉም ተነሳ፣ ከዚያ እየተጠቀለለ ወጣና መለኪያው በሙሉ ወተት ሆነ። አስማት አይደለም። የአኒሱና የእንስላሉ ዘይት በአልኮል ይሟሟል፤ በውኃ አይሟሟም። ውኃ ሲበዛበት ዘይቱ ከአልኮሉ ተለይቶ በጥቃቅን ጠብታ ይበተናል፤ ብርሃን እዚያ ላይ ተሰባብሮ ነጭ ይመስለናል። ኡዞ ጠጥቶ የሚያውቅ ይህን አይቷል። የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካን ኡዞ ውኃ ስታፈስበት የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አኒስ አለበት። እንግዲህ ኡዞ ያዘዘ ያዲስ አበባ ሰው ሁሉ፣ አሪቲ የሌለበትን የአብሲንት ዘመድ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው።

እማማ ከምድጃው ተነስተው መጡ። መለኪያውን አንስተው አልጠጡም፤ አሸተቱት። አንዴ ብቻ።

«ይሄማ አሪቲ ነው» አሉ።

ጓደኛዬ ደነገጠ። እማማ ደግመው አሸተቱ። «እንስላልም አለበት። ሌላው አንድ የማላውቀው ነው። ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርከው፣ ልጄ?»

ሳቅን። ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ሦስት ጓዶች ከመጽሐፍ አገላብጠን የደረስንበትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ደረሱበት። የማያውቁት ያ አንዱ አኒስ ነበር። እንስላል አረቄ ውስጥ የሚጨምሩ ባለሙያዎች እንዳሉም ነገሩን። «አሪቲ ግን ለመድኃኒት እንጂ ለመሸታ አይሆንም» አሉ። አስተውሉ፤ ሁለት መቶ ዓመት የፈጀውን የፈረንጅ ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተውታል።

ጣዕሙን ንገረን ካላችሁ፤ መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፣ የከረሜላ ዓይነት። ቀጥሎ ምላስን ያደነዝዛል። ሲዋጥ የሕፃንነቴ የሆድ ቁርጠት ትዝ አለኝ፤ እናቴ ጭንቅላቴን ይዛ አሪቲ ስታጠጣኝ። አላበድኩም። አረንጓዴ ሴት ዛርም አልታየችኝም።

፬

ታዲያ ይህ መጠጥ እንዴት እንዲያ ያለ ስም ወጣለት? ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስዊስ ውስጥ፣ ቫል ደ ትራቨር በሚባል ሸለቆ ነው። መጀመሪያ እንደ እኛው አሪቲ የሆድ መድኃኒት ነበር። በ1805 ፔርኖ የሚባል ቤተ ሰብ ድንበር ተሻግሮ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ፖንታርሊየ ከተማ ላይ ትልቅ ማውጫ አቋቋመ። ከ1830 በኋላ ፈረንሳይ አልጄሪያን ስትወርር ለወታደሮቿ ወባና ተቅማጥ ይከላከላል ብላ አብሲንት ሰጠቻቸው። ወታደሩ አገሩ ሲገባ ጣዕሙን ይዞ ገባ። እንግዲህ አብሲንትን ከሸለቆ አውጥቶ የፓሪስ መጠጥ ያደረገው አንዱ ኃይል የአፍሪካ ወረራ ነው።

ሁለተኛው ኃይል ተባይ ነበር። ከአሜሪካ የመጣ ፊሎክሴራ የሚባል ጥቃቅን ነፍሳት ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይን ወይን ሥሩን በላው። ወይን ጠፋ፤ ተወደደ። አብሲንት አውጪዎቹ ከወይን አልኮል ወደ ቀይ ሥርና ወደ እህል አልኮል ዞሩ፤ መጠጡ ረከሰ። ያን ጊዜ የጌታውም የወዛደሩም ሆነ። ከምሽቱ 11 ሰዓት ገደማ በየቡና ቤቱ የሚጠጣበት ሰዓት «አረንጓዴው ሰዓት» ተባለ። በ1876 ዴጋ የሚባለው ሠዓሊ አንዲት ሴት መለኪያዋ ፊት ፈዛ ተቀምጣ ሣላት። በ1910 ፈረንሳይ በዓመት 36 ሚሊዮን ሊትር ትጠጣ ነበር።

ርካሽ መጠጥ ያለ ማጭበርበር አይኖርም። ቅጠል ከመንከር ይልቅ አረንጓዴውን በመዳብ ጨው ያመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ውኃ ሲገባበት እንዲነጣ ሌላ መርዝ የጨመሩም ነበሩ። ድኻው ይህን ጠጣ።

ቀጥሎ ሐኪሞቹ መጡ። ቫላንቲን ማኛን የሚባል የአእምሮ ሕመም ሐኪም በ1860ዎቹ መጨረሻ የሙከራ እንስሳትን ከመስተዋት በታች አድርጎ፣ አንዱን የአልኮል እንፋሎት፣ ሌላውን የንጹሕ አርቴሚሲያ ዘይት እንፋሎት አሸተተ። ዘይቱን የሸተተው ተንዘፈዘፈ። «እነሆ አብሲንት ያሳብዳል» ተባለ። ነገር ግን መለኪያ ውስጥ ያለው ንጹሕ ዘይት አይደለም፤ ዘይቱ ጥቂት ነው፣ አልኮሉ ነው ብዙው። ሳይንስ የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች ልብ በሉ፤ ሙከራው የተጠየቀውን ጥያቄ አልመለሰም።

፭

ፍርዱ የመጣው በደም ነው። ነሐሴ 28 ቀን 1905 ኮሚኒ በምትባል የስዊስ መንደር ዣን ላንፍሬ የሚባል የቀን ሠራተኛ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን በጠመንጃ ገደለ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ያን ዕለት ምን ጠጥቶ ነበር? ሁለት መለኪያ አብሲንት። ከእርሱ በላይ ግን ብዙ ወይን፣ ኮኛክ፣ የናና ሊኬር፣ ብራንዲ የተጨመረበት ቡና። ሰውየው በቀን በሊትር እየተለካ ወይን የሚጠጣ ነበር። ሕዝቡ ከዚያ ሁሉ መካከል ሁለቷን አረንጓዴ መለኪያ ብቻ መረጠ። 82 ሺህ ሰው ፈርሞ አብሲንት ይከልከል አለ። በ1908 ስዊሶች ድምፅ ሰጥተው ከለከሉት፤ ከ1910 ጀምሮ በሥራ ዋለ። አሜሪካ በ1912 ተከተለች፤ ፈረንሳይ በ1915፣ በጦርነቱ መሀል።

ለምን ወይኑ አልተከሰሰም? ወይን የገበሬ ሀብት ነው፤ የድምፅ ሰጪ ሀብት ነው። በተባይ የተጎዱት ወይን ተካዮች ገበያቸውን ሊያስመልሱ ከመጠጥ ጠል ማኅበሮች ጋር አንድ ግንባር ገጠሙ። «ወይን ንጹሕ ነው፣ አብሲንት መርዝ ነው» ተባለ። ፍርዱ የሕክምናም ነበር፣ የገበያም ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ። በ2008 የታተመ ምርመራ ከክልከላው በፊት የታሸጉ 13 ጠርሙሶችን ከፍቶ ለካ። ያሳብዳል የተባለው ቱዮን የሚባለው ቅመም በሊትር በአማካይ 25 ሚሊግራም ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሕጋዊ ከሆነው መጠን የማይበልጥ ነው። ሰዎቹን የገደላቸው አሪቲው አልነበረም፤ አልኮሉ ነበር፣ ብዛቱ ነበር፣ ርካሽነቱና ማጭበርበሩ ነበር። ስዊስ በ2005 ክልከላውን አነሳች፤ አሜሪካ በ2007፤ ፈረንሳይ በ2011። ጓደኛዬ ጠርሙሷን በኪሱ ይዞ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የተክሉ ወገን ግን በሌላ በር ተከበረ። በ1972 ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት ተመራማሪ ከጓዶቿ ጋር ከሌላው አርቴሚሲያ፣ ከአርቴሚሲያ አኑዋ፣ የወባን ጥገኛ የሚገድል መድኃኒት አወጣች፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። አገራችንም ከ2004 ጀምሮ ከዚሁ የሚሠራውን ኮአርተምን ለወባ ትሰጣለች። የአልጄሪያው ወታደር በመጠጥ የፈለገው ፈውስ፣ የእማማ «ለመድኃኒት እንጂ» ያሉት፣ በሌላው ዘመዱ ተገኘ።

፮

አሁን ወደ ተራራችን እንመለስ። ከቀበና ቀና ብሎ የሚታየው እንጦጦ ከአብሲንት ጠጪዎች ሁሉ ስመ ጥሩን አስተናግዷል። አርተር ራምቦ በ1854 የተወለደ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነው። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከቬርሌን ጋር በፓሪስ አብሲንት እየጠጣ የዘመኑን ግጥም ገለባበጠው። ከዚያ ግጥምን ጨርሶ ተወ። በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ፤ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆነ። በ1886 ደግሞ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ከታጁራ በግመል ተነሳ። ሸቀጡ ከ2 ሺህ በላይ ጠመንጃ ነበር። በ1887 መጀመሪያ፣ በእኛ በ1879 ዓ.ም.፣ ሸዋ ደረሰ። ንጉሡ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ እንጦጦ ላይ ተገናኙ።

ንጉሡ የመሣሪያ ገበያ ዋጋ ያውቃሉ፤ ዋጋውን ቀነሱበት። የሞተው የሽርክና ጓዱ ባለ ዕዳዎችም ተሰልፈው ጠበቁት። ከፊሉን ገንዘብ ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ተጽፎለት፣ ተበሳጭቶ ወረደ። በ1891 ማርሴይ ውስጥ እግሩ ተቆርጦ በ37 ዓመቱ ሞተ።

ሰው ራምቦን ሲያስብ ብርጭቆውን ያስባል። እኔን የሚገርመኝ እንጦጦ ላይ የቆመው ራምቦ ነው፤ ሰካራም ሳይሆን ሒሳብ የሚያሰላ፣ ዕዳ የሚፈራ ነጋዴ። አብሲንት ያደርጋታል የተባለችውን ነፍስ አብሲንት አልሠራትም፤ ሲተወውም ሌላ ሕይወት ነበረው። ባለቅኔ ለመሆን መጠጣት አለብኝ የምትል የዚህ መጽሔት ጸሐፊ ካለህ፣ ወንድሜ፣ ይህን አንብብ። ብዙው ሰው ጠጣ፤ ራምቦ ግን አንድ ነው።

ከራምቦ በኋላ የመጣው የፈረንሳይ መጠጥ በውል ታስሮ መጣ። በጥር 1900 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1908) አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የቀረጥን ጣራ ወሰነ፤ ለአብዛኛው ዕቃ ከመቶ 10፣ ለወይንና ለቢራ ከመቶ 8። ከዚያ በላይ ላስከፍል ብትል አገሪቱ በውሉ ተይዛለች። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ አካባቢ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የፈረንጅ ጠርሙስ በባቡር፣ ቀረጡ በውል ተወስኖለት፣ መለያ ወረቀት ለብሶ ገባ። የአገሩ አረቄ ግን መለያም ውልም አልነበራትም፤ በሴት ጀርባ ላይ ነበረች።

፯

«አረቄ» ከዐረብኛ «ዐረቅ» የመጣ ቃል ነው፤ ላብ ማለት ነው። ድስቱ ሲያልበው የሚወርድ ጠብታ ለማለት ነው። እኔ ግን እማማ ቤት አንድ ቀን ጠዋት ሄጄ ካየሁ ወዲህ የላቡ ባለቤት ድስቱ እንዳልሆነ ገባኝ።

መጀመሪያ ጌሾ ተወቅጦ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል፤ ቀናት ይቆያል። ከዚያ ቂጣው ተጋግሮ ይቆራረስና ይገባበታል፤ ድፍድፉ እንደገና ሲፈላ ይሰነብታል። ሲደርስ ማሰሮው እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ ጢስ እንኳ እንዳያወጣ በጭቃ ይመረጋል። ከአፉ ሸምበቆ ይወጣል፤ ሸምበቆው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይገባል። ውኃው ሲሞቅ ይለወጣል፤ ደግሞ ይለወጣል። ፖንታርሊየ ያለው የመዳብ ማውጫ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ እሳትና ቅዝቃዜ። እሳቱ ከእንጦጦ ይመጣል፤ ቅዝቃዜው ከቀበና።

እሳቱን ማን ያመጣዋል? የባሕር ዛፍ ሸክም ከወገቧ በላይ ተቆልሎ፣ ፊቷ መሬት መሬት እያየ ከእንጦጦ የምትወርደውን ሴት ሁላችሁም አይታችኋታል። መኪና ጡሩምባ ሲነፋባት እንኳ ቀና ማለት አትችልም። የእርሷ ጭነት እማማ ምድጃ ይገባል። እማማ ጢሱን ተቀብለው ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ሐኪም «ከጢስ ራቂ» ብሏቸዋል። «ከጢስ ርቄ ምን ልበላ?» ይላሉ። ሁለት ልጆቻቸውን በአረቄ አስተምረዋል። አንደኛዋ ነርስ ናት፤ አረቄ ጉበታቸውን የጨረሰውን ሰዎች ታስታምማለች። እናት ትቀዳለች፣ ልጅ ታክማለች፤ ይህን እማማ ራሳቸው እየሳቁ ይናገራሉ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል።

እንግዲህ ሁለት ውሸት አለ። አንደኛው የፈረንጆቹ ነው፤ ቅጠሉን ከስሰው ብዛቱን፣ ድህነቱንና ነጋዴውን ለቀቁ። ሁለተኛው የእኛ ነው። አረቄ ሲነሳ «የባላገር መጠጥ፣ የሰካራም መጠጥ» ብለን አውጪዋን እንንቃለን፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን ጠርሙስ ደግሞ በሁለት እጅ ተቀብለን በመደርደሪያ እናስቀምጣለን። በሁለቱም ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ዓይነት ነው። ጉበት መለያ ወረቀት አያነብም።

አረቄን ቅዱስ ላድርጋት አልልም። ጠዋት ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚመጣውን ጡረተኛ አይቻለሁ፤ መለኪያዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ የመጀመሪያዋ ስትወርድ እጁ ይረጋል። ይህ የአሪቲ ሥራ አይደለም፣ የዛርም ሥራ አይደለም። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥም ከለከለ። መልካም ነው። የእማማ ሕግ ግን ከአዋጁ ይቀድማል።

፰

ያን ማታ የአብሲንቱ ጠርሙስ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጓደኛዬ ለሁላችን ሦስተኛ ሊቀዳ አነሳ። እማማ መጥተው እጃቸውን አፉ ላይ ደፉት።

«ይሄ የእርስዎ አረቄ አይደለም እኮ፣ እማማ» አለ ጓደኛዬ። «የኔው ነው።»

«ቤቱ የኔ ነው» አሉ።

ከዚያ ነገሩን። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪ ነበር አሉ፤ ከገጠር የመጣ፣ ጨዋ፣ ግጥም የሚጽፍ። ሲጠጣ ያነብላቸዋል። እሳቸውም ደስ ስለሚላቸው ይቀዱለታል። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ። በሁለተኛ ዓመቱ ከትምህርት ቤቱ ወጣ። አንድ ቀን አባቱ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ ልጃቸውን ፍለጋ ከገጠር መጡና «ልጄ እዚህ ይመጣ ነበር ይሉኛል» ብለው እዚያው ደጃፍ ቆሙ። እማማ ምን እንደመለሱ አልነገሩንም። «ከዚያ ወዲህ ነው» አሉ ብቻ።

የስዊስ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አንድ ቅጠል ከለከለ። እማማ ማንንም ሳያስፈርሙ ብዛቱን ከለከሉ፤ ዳቦ የሚገዙበትን ገንዘብ በየማታው በገዛ እጃቸው እየቀነሱ። ከሁለቱ ፍርድ የቱ እንደሚሻል፣ አንባቢ ሆይ፣ ለአንተ ትቼዋለሁ።

የተረፈውን አብሲንት ለእማማ ተውንላቸው። በሳምንቱ ስመለስ ጠርሙሷ መስኮቱ ላይ ታጥባ ቆማለች፤ ውስጧ አንድ የአሪቲ ዝንጣፊ በውኃ ተደርጓል። «ፈረንጁስ?» ብላቸው «ለሆድ ቁርጠት ለጎረቤት ሰጠሁት» አሉኝ፤ «በማንኪያ፣ በማንኪያ።»